የሐጂ ይማም ኤንትሬ የተከፈተ ጊዜ

ሌላው ሰው ምን ሲሸተው ወደ ወጣትነቱ እንደሚመለስ አላውቅም፤ እኔን የሚመልሰኝ ያረጀ የሞተር ዘይት ነው። ባለፈው ሰሞን መካነ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ግቢዬ፣ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ የዘይቱን ቡሎን ስፈታ፣ ያ ጥቁር ዘይት ተንዶልዱሎ የተቆረጠው በርሜል ውስጥ ወረደና ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። እዚያው እንደተንጋለልኩ ሌላ ሰው ሆንኩ፤ ፀጉሬ የጠቆረ፣ ወገቤን የማያመኝ፣ ለሻይ አስር ሳንቲም ከኪሴ የማላጣ ጎረምሳ። ከዚያ ለመነሳት ስሞክር ወገቤ ቀጭ አለና የዛሬውን ዕድሜዬን አስታወሰኝ። ሥራ ትቻለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ከተናገርኩ ቆይቷል፤ ማን ሰማኝ? እኔም ራሴን አልሰማሁትም። ቤት ስውል እግሬን ይበላኛል፣ እጄ የሚጨብጠው ያጣል፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ የተቀመጥኩ አይመስለኝም። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ በሩን አታድክመው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ የሐጂ ይማም ልጅ መዲና መጥታ «ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ሞተር ከፍተው ይዩልኝ» ስትለኝ፣ እያቅማማሁ የተነሳሁ ለመምሰል ሞከርኩ እንጂ ቱታዬን የት እንዳስቀመጥኩት እያሰብኩ ነበር።

መኪናው ኤንትሬ ነው። የዛሬ ልጆች ስሙን ሲሰሙ የሚስቁበት፣ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በተሳፋሪው መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው የተቀመጠ የጣልያን የጭነት መኪና። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ደርሶ ከዜሮ ጀምሯል፤ ያንንም ጨርሶ በመጨረሻ ሰልችቶት ቆሟል። ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ሐጂ ይማም፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሲገዙት እንኳ አዲስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሾፌር ብቻ ነው የያዘው፤ ሰዒድ። ሐጂ ሞቱ፣ የእህሉን ንግድ ልጃቸው መዲና ተረከበች፣ ሰዒድ ግን እዚያው መሪው ላይ ነው። ወንድሟ ኑሩ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ትልቁን የሚነካው የለም። እና ይኸው በቅርቡ፣ ከወግዲ ባቄላ ጭኖ ሲመለስ፣ ኤንትሬው ዳገት ላይ ጭሱን አንቦልቡሎ ቀጥ አለ። በሌላ መኪና ተጎትቶ ከተማ ገባ። ተጎትቶ ሲገባ ሰዒድ ከመሪው ላይ አንገቱን ደፍቶ ነበር አሉ፤ እኔ አላየሁም፤ እንኳንም አላየሁ።

መዲና ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረችኝ። ከኮምቦልቻ ብረት ገዢዎች ይመጣሉ። «ሞተሩ ዕድሜ ካለው አሳድሰዋለሁ እንጂ አልሸጠውም፤ የአባቴ እጅ አለበት። ከሌለው ግን ቆራርጠው ይውሰዱት። እርስዎ ያዩትን ይንገሩኝ፤ ሌላ ሰው አላምንም።» ሰዒድ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። እሷ እንደሄደች ወደኔ ዞሮ «ሰማሃት? እሱን የሚቆርጡት ከሆነ እኔንም አብረው በኪሎ ይመዝኑኝ» አለና ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ በየአገሩ ተበትነዋል፣ ያ ጋቢና ቤቱ ነው። ኤንትሬው ከተቆረጠ ሰዒድ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት የለውም።

ይህን ለመረዳት ያን ዘመን ማየት ያስፈልግ ነበር። መንገዱ ያኔ መንገድ ለመባል የሚያበቃው ክረምት ሲወጣ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል፣ ከተማውም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። መስከረም ሲጠባ የመጀመሪያው መኪና የሚመጣበትን ቀን ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ኤንትሬው ገና ከሩቅ፣ ከሜዳው ወዲያ ማዶ፣ ጡሩንባውን በሦስት ድምፅ ሲለቀው ሴቱ ከየጓዳው፣ ተማሪው ከየክፍሉ፣ ጸሐፊው ከየቢሮው ብቅ ይላል። የሚቆመው ከገበያው በላይ፣ ትልልቆቹ ባሕር ዛፎች ከነበሩበት ጥግ ነው። አሁን ባሕር ዛፎቹ የሉም፤ በቦታው ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፣ ከፊቱ ባጃጆች ይኮለኮላሉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ሳልፍ ጥላ ፍለጋ ወደ ዳር ጠጋ እላለሁ። ከደሴ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ፣ ቆርቆሮ ይመጣል፤ ከዚህ ስንዴና ባቄላ፣ በጎቹ ከነጩኸታቸው ጭነቱ ላይ፣ ከበጎቹም በላይ ሰዎች ይሄዳሉ። የዚህ ከተማ ቆርቆሮ ግማሹ በዚያ መኪና ጀርባ ላይ የመጣ ነው። በሁለት ብር ጭነት ላይ ተሰቅሎ ደሴ መግባት ይቻል ነበር፤ ጋቢና ለመቀመጥ ግን ወይ ሹመት ወይ እርግዝና ያስፈልጋል። መንግሥት መጥቶ ይሄዳል፤ ኬላው ላይ የሚቆመው ሰው ልብስ ይለወጣል እንጂ ኬላው አይለወጥም ነበር።

ሰዒድ ያኔ! ከጉልበቱ በታች የተዘረጋ ቴትሮን ሱሪ፣ ደረቱ ድረስ የተከፈተ ሸሚዝ፣ በዚያ ብርድ! ጥቁር መነጽር፣ እንደ ጎመን የተነፋ አፍሮ። እኔ የሐጂ ተቀጣሪ መካኒክ ስለነበርኩ ረጅም መንገድ ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፤ ካኪ ቱታዬ ዘይት ከመጥገቡ የተነሳ ብቻውን ይቆማል እያለ ያሾፍብኛል። ካሴት ማጫወቻው ሲሠራ መንዙማም ያሰማል፣ ባቲም አምባሰልም ያሰማል፤ ጭነት ላይ ያለው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ያጨበጭባል። አንዴ አንድ ዲያቆን ጣራውን ደብድቦ «ሾፌር! ያችን መንዙማ ድገማት!» ሲለው ሰዒድ ከሳቁ ብዛት መኪናውን ለማቆም ደርሶ ነበር። የዛሬ ሚኒባሶች ውስጥ ሙዚቃው ከሞተሩ ይጮኻል፤ ሞተሩ ምን እንደሚል የሚሰማ የለም። ይህን ስል ሽማግሌ እንደምመስል አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ።

የሰዒድ ልዩ ነገሩ ግን ልብሱ አልነበረም፤ ቀኝ እግሩ ነው። መሪ ከመያዙ በፊት ቀኝ ጫማውን ያወልቃል፣ ከወንበሩ ኋላ ያስቀምጣል፣ ቢስሚላህ ብሎ ባዶ እግሩን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። ነዳጅ የሚሰጠውም ፍሬን የሚይዘውም በዚያ ባዶ እግር ነው። ያኔ በዚህ አገር እንዲህ የሚነዱ ሾፌሮች ጥቂት አልነበሩም፤ እንደ ሰዒድ ግን አላየሁም። «ጋቢናው ይጮኻል፣ ጭነቱ ይጮኻል፣ አንተም ትጮኻለህ» ይለኛል፤ «ጆሮዬን አላምነውም። ሞተሩ ሲያመው በውስጥ እግሬ ነው የሚነግረኝ።» ጫማ ሰፊው ሰዒድ ከደሴ የገዛውን ጫማ ባየ ቁጥር ይስቃል፤ ግራው አልቆ ተቀዶ ቀኙ ገና ያብረቀርቃል። አንድ ጊዜ ከአቀስታ ወዲህ፣ ዳገት አጋማሽ ላይ፣ ከነሙሉ ጭነቱ ዳር ይዞ አቆመና «ውረድ፣ ከኋላ ያለችው ፒስተን ከሥሯ ታማለች» አለኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ብርድ እየቆረጠኝ፣ እየተራገምኩ ከሥር ገብቼ ፈታሁት። ልክ ባላት ቦታ ገና የጀመረ መበላት አገኘሁ፤ ገና ጥፍር የማይዘው። ያን ቀን አፌን ዘጋሁ፤ ከዚያ ወዲህ «ታማለች» ካለኝ ሳልጠይቅ መፍቻዬን አነሳለሁ።

እና አሁን ይኸው እሱ ግቢዬ ውስጥ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብያለሁ። አፍሮው የለም፤ በምትኩ ነጭ ኮፍያ አለ። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን ማለቴ ነው፣ ከኑሩ ጋር ተጋግዘን አወረድነው። ልቤ ይመታ ነበር፤ ሞተር ሲከፈት ሁሌም ይመታል፣ እንደ ወጣትነቴ። የፒስተኖቹ አናት ላይ ደረቅ ጥቀርሻ ተጋግሯል፤ የሚጠበቅ ነው። ሲሊንደር ሲያረጅ ፒስተኑ የሚመላለስበት ግድግዳ ተበልቶ ከላይ በኩል እንደ ደረጃ ያለ ከንፈር ይሠራል፤ ጥፍርን ከታች ወደ ላይ ሲሰዱት ያደናቅፈዋል። ጥፍሬን ሰደድኩ። ነካ አደረጋት፤ ለወጉ ያህል። ሌላው ጋ ሄድኩ፤ እዚያም እንደዚያው። ዓይኔን ስላላመንኩት መብራት አስጠጋሁ፤ በመጨረሻ ስናድሰው ግድግዳው ላይ የሣልነው ጥልፍልፍ ጭረት ዛሬም አለ። ያን ያህል መንገድ ሄዶ! ቀጠን ያለ የክፍተት መለኪያ ቅጠል በፒስተኑና በግድግዳው መካከል አስገብቼ ለካሁ፤ ልቅ ነው፣ ግን ገና ይሠራል። «ሰዒድ፣ ይህ እኮ የጎረምሳ ደረት ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ምንም ሳይገርመው «አቧራ አላስገባሁበትማ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሌሎች ሾፌሮች መንገድ ላይ ወርደው ምግብ ሲያዙ እሱ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ በናፍጣ ያጥብ ነበር። ስንቱን ጊዜ ጥብሱ እየቀዘቀዘ ጠብቄዋለሁ፤ ስንቱን ጊዜ ተናድጄ የሱንም ድርሻ በልቼበታለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ደስታ ነበር ማለት ይቻላል። ኑሩ ለእህቱ ደውሎ «ላዩ ሰላም ነው» አላት። ሰዒድ ከሣጥኑ ተነስቶ የመኪናውን በር ደባበሰው። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ላዩ ይህን ያህል ጤነኛ ከሆነ ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ መቆም ከየት መጣ? ዳገት ላይ አጭሶ ቀጥ ያለ ሞተር ከሥሩ የሆነ ነገር አለው። እንግዲህ ቀረኝ ያልኩት ኮፓው ነው፤ ከታች ዘይቱ የሚጠራቀምበት ገበቴ።

ኮፓውን ሳወርደው ከሥሩ የቀረውን ዝቃጭ በነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰስኩትና ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ብልጭ ብልጭ አለ። ብልጭታው እንደ ዱቄት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ፤ ይህ ግን በጥፍር የሚለቀም ስንጥር ነበር። አንድ በአንድ የብሮንዚኒዎቹን ማሰሪያ ፈታሁ። ብሮንዚኒ ማለት ፒስተኑን የያዘው ክንድ ዘንጉ ላይ ሲዞር ብረት ብረትን እንዳይበላው በመካከል የሚገባ ስስ ግማሽ ቀለበት ነው፤ ሲበላ ከግራጫው ልባስ ሥር መዳቡ ይታያል። የፊተኞቹ በእኩል ተበልተው፣ እንዲሁ ሽማግሌ ሆነው፣ ምንም ሳይሆኑ ወጡ። አንደኛው ግን፣ ከመሐል ያለው፣ ሲወጣ እጄ ላይ ተሰበረ። ግራጫም የለው፣ መዳብም የለው፤ ጠርዙ እንደ ወረቀት ተጣጥፏል፣ የያዘው ዘንግም ተፍቆ ሰማያዊ መቷል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ገና ሲጀምር ጭነት በበዛ ቁጥር ከሥር ይደልቃል፣ ወለሉን ያንቀጠቅጣል፤ እያደር እየባሰ፣ ዳገት በወጣ ቁጥር እየጮኸ፣ ወራት ይፈጃል። አንድ ቀን ያቆሙት እንደሆን በትንሽ ጥገና ይድናል።

ተነስቼ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። መፍቻውን አነሳለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፤ የዘይት ጨርቁን አጥፌ እንደገና እዘረጋዋለሁ። ያ ከአቀስታ ወዲህ ያስቆመኝ ሰው፣ ጥፍር የማይዘውን ሕመም ከዚያ ሁሉ ጫጫታ የለየ ሰው፣ ይህን ሁሉ ወራት ከእግሩ ሥር የሚደልቅ ሞተር እንዴት ዝም አለ? ጆሮው ነው እንዳልል ከግቢው ማዶ ሆኖ ኑሩ በስልክ የሚያወራውን ይሰማል። ሰነፈ እንዳልል ሰዒድና ስንፍና! ዘንጉን አዙሬ ሌላውን ወገን ለማየት ፈለግሁና «እስቲ ጋቢና ግባና ማርሹን ነፃ አድርግልኝ» አልኩት። እንደ ልማዱ ቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ፣ አደረገልኝ፣ ወረደና «ምን አገኘህ?» ብሎ ባዶ እግሩን ወደኔ መጣ። ሲሚንቶው ላይ የእርምጃው ፈለግ ቀይ ነበር።

«ሰዒድ፣ እግርህ!»

ቁልቁል አየ። ከውስጥ እግሩ የብረት ስንጥር ተሰክቶ ደም ይወርዳል። የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል ነበር። አንስቼ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩትና ስንጥሩን በፒንሳ ይዤ ሳብኩት፤ ፊቱ አልተኮማተረም። ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«አላመመህም?»

«አብሽር፣ ምንም አይደል» አለ።

«ሰዒድ፣ አላመመህም ወይ እኮ ነው ያልኩህ?»

ወደ ኑሩ ዞሮ አየ። ኑሩ ራቅ ብሎ ቡሎን ያጥባል። ሰዒድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስኳር ነው። ጤና ጣቢያ ነገሩኝ፤ ከክረምቱ ወዲህ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው የኔ አይደለም። ባዶ እግርህን እንዳትሄድ ብለውኛል። እኔ ግን ጫማ አድርጌ መንዳት አልችልም፤ መንዳቴም አይመስለኝ።»

«ፍሬኑንስ በምንህ ትይዛለህ?»

«በጉልበቴ ገምቼ እረግጣለሁ። እስካሁን አልሐምዱሊላህ።»

ፈራሁ። በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፣ እንዲህ ግን አይደለም። ወደ ዓባይ የሚወርደው ቁልቁለት ታየኝ፤ የከላላ ገበያ ቀን ከጭነቱ ላይ የሚሰቀሉት ሰዎች፣ እግሯ ታስሮ ከትከሻቸው የተንጠለጠለችው ዶሮ፣ ያዘሉት ሕፃን ታየኝ። በጉልበቱ ገምቶ! ቁስሉን በሳሙና አጠብኩለት፣ በንጹሕ ጨርቅ አሠርኩለት። እጄን ያዘኝ።

«ደምሴ፣ አፈር ስሆንልህ። ያችን ብሮንዚኒ ቀይራት፣ ዘንጉን አስተካክለው፣ ዝም በል። ላዩን አይተኸዋል፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ለመዲና ሌላ ምንም አትንገር።»

«እንዴት ዝም ልበል?»

«እንደ ወንድም።»

ጋቢዬን አነሳሁ። ወጥቼ ሄድኩ፤ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ መናኸሪያውን አቋርጬ፣ ገበያውን አልፌ፣ ቤቶቹ እስከሚያልቁበት። ነፋሱ ከሜዳው ላይ እየተነሳ ጋቢዬን ይገፋዋል። ብናገር ሰዒድን ለዕድሜው ሁሉ አዋርደዋለሁ፤ በዚህ ከተማ ሾፌር ሲባል እሱ ነው የሚባለው። ዝም ብል በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚመጣ እያወቅኩ ነው። ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ «ኸይር ነው ጋሽ ደምሴ?» ይሉኛል፤ «ኸይር ነው» እላለሁ። ጫማ ሰፊዎቹ ከሚቀመጡበት ጥግ ስደርስ ቆምኩ። ድሮ እዚያ ሁለታችን ተቀምጠን ጫማ ስናስጠርግ፣ እሱ አንዱን ብቻ እያስጠረገ ግማሽ ዋጋ ካልከፈልኩ ይል ነበር። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ኋላ ዕንባዬ መጣ። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ጥሩም መሰለኝ። ሞተሩ አለቀ እላለሁ። ኤንትሬው ይሸጣል፣ ሰዒድም ከመኪናው ጋር በክብር ያርፋል፤ መሪውን የቀማው ሰው ሳይሆን የብረት ዕድሜ ይሆናል። ማንም አይጎዳም። አንድ አሮጌ መኪና ነው የሚጎዳው።

መዲና ከመጋዘኗ በቀጥታ መጣች፤ ጥቁር ሻሿ ላይ የስንዴ ገለባ ነበር። ኑሩ ቆሟል፣ ሰዒድ እግሩን ጫማ ውስጥ ሸሽጎ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። «እህ፣ ጋሽ ደምሴ?» አለችኝ። «ሰዎቹ ነገ ይመጣሉ፤ ሐቂቃውን ይንገሩኝ።»

ዓይኔን ከሷ ላይ አንስቼ ሞተሩ ላይ አደረግኩ። «አልቋል ልጄ» አልኳት። «ላዩ አታሎን ነው። ከሥሩ በልቶ ጨርሶታል። ገንዘብሽን አታባክኝበት፤ ብረት ነው።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፌ መረረኝ። መዲና አንገቷን ነቀነቀች፤ ከአባቷ መኪና ጎን ቆማ አንዴ ጎማውን በእግሯ ጫፍ ነካች። «እሺ» አለች። «የአላህ ፈቃድ ነው።»

«ይዋሻል!»

ሰዒድ ተነስቶ ቆሟል። እንዲህ ሲጮህ ከጎረምሳነታችን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። «ይህ ሰው ይዋሻል፣ መዲና! ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሲሊንደሩን ነይ እይው፣ መስታወት ነው። አንዲት ብሮንዚኒ ናት የሞተችው፤ እሷንም የገደልኳት እኔ ነኝ። ስትጮህብኝ አልሰማኋትም። እግሬ ነው የሞተው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ደም የነካውን ጨርቅ ፈታ፣ እግሩን ለሷ አሳያት። «እኔን ለማዳን ብሎ የሞተሩን ስም ያጠፋል። አይደረግም። እሱ ምን አጠፋ?»

መዲና እግሩን አየች። ከዚያ በርከክ ብላ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጨርቁን ከእጁ ወስዳ ራሷ አሠረችለት። «አባባ ሰዒድ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ቁልፉን ትቀበዪኝ ነበር።»

«አዎ፣ እቀበልዎ ነበር።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ተቀበለች። ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ቁጣዋ ግን አልጠፋም። «እርስዎ ደግሞ! የአባቴን መኪና ሊያስቆርጡብኝ ነበር እኮ!» «ይቅር በይኝ» አልኳት። ሰዒድ ወደኔ ሳያይ «ይቅር አትበይው፣ ያድሰው» አለ።

አደስኩት። ዘንጉ ደሴ ሄዶ ተሞርዶ መጣ፣ አዲስ ብሮንዚኒ ገባ፣ ቴስታታው ተመለሰ። ሰዒድ በየቀኑ እየመጣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ይነታረከኛል፤ ይህን አጥብቅ፣ ያን አላጸዳህም፣ ዓይንህ አርጅቷል፣ እኔ ብሆን። እኔም «አንተ ብትሆን ኖሮማ ይኸው አየን» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ይህን ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ሦስት ጊዜ የምነሳው እሱን ሳስብ ይመስለኛል። የብረት ገዢዎቹ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሞተሩ ሲነሳ የመጀመሪያው ጭስ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ጠራ፣ ከዚያ ያ የማውቀው ወፍራም ድምፅ ግቢውን ሞላው። መሪው ላይ ኑሩ ነበር። የጎረቤት ሰው በአጥር ላይ ይመለከታል።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ደሴ ነበር፤ ስንዴ ተጭኗል፣ ሰዒድ ደግሞ እግሩን ለሐኪም ሊያሳይ ይሄዳል። መዲና ራሷ ነች ቀጠሮ ያስያዘችለት። ጠዋት ነው፣ ሣሩ ላይ አመዳይ አለ፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ሰው ሊሸኝ ቆሟል። ሰዒድ በልማድ ወደ ሾፌሩ በር ሄደ፤ ኑሩን እዚያ ሲያየው ቆመና ዞሮ በወዲያኛው በኩል ወደ ተሳፋሪው በር ሄደ። እጀታውን ወደ ታች ተጫነው። አልተከፈተም። ሳበው። አልተከፈተም። ያ በር ከስንት ዓመት ጀምሮ ወደ ላይ ተነስቶ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም፤ አንዴ እንኳ በዚህ መኪና ጋቢና የተሳፈረ ሹምም ሆነ ነፍሰ ጡር ያውቀዋል፣ በመጋዘኑ በረንዳ ላይ ያሉ ተሸካሚዎች ያውቁታል፣ ተሸካሚዎቹ ሳቅ ሊሉ ነበር፤ ከዚያ ማን እንደቆመ ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሄድኩና አንስቼ በትከሻዬ ገፋሁት። ተከፈተ።

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚከፈተው?» አለኝ።

«እንዲህ ነው» አልኩትና ክንዱን ይዤ አሳፈርኩት።